የመሸበት እንግዳ



አያቶቻችን በእግር በሚጓዙበት ዘመን መንገደኛ ፀሐይ ስትጠልቅበት ከደረሰበት መንደር ገብቶ ከአንዱ ደጃፍ ይቆምና «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ከውስጥ የሚመጣውም መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ነበር። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ አንድ ታላቅ የሃይማኖት ትምህርት አለ። ባለቤቱ «ቤቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ፈቅጄልሃለሁ» አላለም። ቤቱ የሌላ መሆኑን፣ እርሱም ራሱ በዚያ ቤት እንግዳ መሆኑን መሰከረ እንጂ። እንግዳው ውሃ ቀርቦለት እግሩን ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የአባቶቻችንን ትምህርት ለብዙ ዓመታት በስብከታችን ስንጠቅሰው ኖረናል። ትርጉሙ የገባን ግን እኛ ራሳችን በሰው አገር፣ በሰው ከተማ፣ በእኩለ ሌሊት ማደሪያ አጥተን ደጅ በቆምን ጊዜ ነው። ዛሬ ስለዚያች ሌሊት ልናካፍላችሁ እንወዳለን።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር ነው። በእ.ኤ.አ. 2016 ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ያወጁት የምሕረት ቅዱስ ዓመት ይከበር ነበር፤ በዚያው መስከረም ደግሞ የካቴኪስቶች ኢዮቤልዩ በሮማ ተዘጋጅቶ ነበር። እኛም ከቁምስናችን ከአንድ አረጋዊ ካቴኪስት ጋር ለመሳተፍ ተነሣን። የጉዞ ፈቃዳችን ዘግይቶ ስለ ወጣ ከሌሎቹ ነጋድያን ጋር በአንድነት ልንሄድና ለእነርሱ በተያዘው ማደሪያ ልናርፍ አልቻልንም። እንግዳ ይቀበላል ብለው ወደ ነገሩን ወደ አንድ የገዳማውያን ቤት ደብዳቤ ላክን፤ መልስ አልመጣም። እኛም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥረን ተጓዝን። ስለዚህ በኋላ የደረሰብን ሁሉ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበረ አስቀድመን እንናገራለን።

አውሮፕላን በምንቀይርበት ከተማ ብዙ ሰዓት ዘገየን። መስከረም 12 ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ቤት በር ስንደርስ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ደወሉን ደወልን፤ ስልክም ደወልን፤ የሚመልስ አልነበረም። ቋንቋውን በዘርዐ ክህነት ተምረነው ስለ ነበር የምንናገረው አላጣንም፤ የምንናገረው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ተርሚኒ ወደሚባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ ተመለስን። በጣቢያው አካባቢ ሦስት ሆቴሎች ጠየቅን። ሁለቱ በቅዱስ ዓመቱ ነጋድያን ሞልተው ነበር፤ ሦስተኛው የጠየቀን ገንዘብ በኪሳችን አልነበረም።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ የተባሉት በእ.ኤ.አ. 1887 በዶጋሊ ጦርነት በራስ አሉላ ሠራዊት የተገደሉት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። እነርሱ በእኛ አገር ምድር መሽቶባቸው ቀሩ፤ እኛ ደግሞ በስማቸው በተጠራው አደባባይ መሽቶብን ቆምን። በዚያው ስፍራ በ2011 የቆመ የቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ትልቅ የነሐስ ሐውልት አለ። ሠሪው ካባቸውን ከፍተው ሰውን ወደ ውስጥ እንደሚያስገቡ አድርጎ ነው የሠራው። ካቴኪስታችን ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ፣ «አባ፣ ይህ ካባ ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ ለሁለት ግን ይጠበናል» አሉን። ሳቅን። ነገር ግን ሳቃችን ሳያልቅ በዙሪያችን ያሉትን አየን። በካርቶን ላይ የተኙ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ፣ ከግድግዳ ጥግ የተጠጉ ብዙዎች ነበሩ። እኛ ለአንዲት ሌሊት የመጣንበት ስፍራ የእነርሱ ቤት ነበር።

በዚህ ጣቢያ አጠገብ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1983 ሞደስታ ቫለንቲ የምትባል አንዲት አረጋዊት ሞታለች። ቤት ያልነበራት ሴት ነበረች። ታማ በወደቀች ጊዜ አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ገላዋ ቅማል ስላለበት አንወስዳትም ተባለ። ሌላ የሚወስዳት ሲጠበቅ ሰዓታት አለፉ፤ እርሷም እዚያው መሬት ላይ እንደ ተኛች ዐረፈች። ዛሬ በሮማ ከተማ መዝገብ ቤት የሌላቸው ሰዎች የሚመዘገቡበት አድራሻ በስሟ «የሞደስታ ቫለንቲ መንገድ» ይባላል። በካርታ ላይ የማይገኝ መንገድ ነው። በሕይወቷ አንዲት በር ያልተከፈተላት ሴት ከሞተች በኋላ ለብዙ ሺህ ቤት አልባዎች አድራሻ ሆነች። በየዓመቱም በሞተችበት ዕለት የቅዱስ ኤጂድዮ ማኅበር ክርስቲያኖች በጸሎት ያስቧታል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ወጣት ወደ እኛ መጣ። በአማርኛ ስንነጋገር ሰምቶ ነው። አነጋገሩ ከመረብ ማዶ መሆኑን ያስታውቃል። በእጃችን የያዝነውን መስቀል ተሳለመና፣ «አባ፣ መሽቶባችኋል እንዴ?» አለን። ማን እንደሆንን፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆንን፣ ምን ልናደርግ እንደ መጣን አልጠየቀንም። የካቴኪስታችንን ሻንጣ ከእጃቸው ተቀብሎ፣ «ተነሡ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ከፊታችን ሄደ።

የወሰደን ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ከሚያስኬድ አንድ ትልቅ ሕንፃ ነው። ቀድሞ መሥሪያ ቤት የነበረ፣ ከ2013 ጀምሮ ግን በመቶ የሚቆጠሩ የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞች ገብተው የሚኖሩበት ቤት ነበር። የእርሱ ክፍል በሰሌዳ የተከፈለች ጠባብ ስፍራ ናት። ያለው አንድ ፍራሽ ነው። በፕላስቲክ ሳፋ ሙቅ ውሃ አምጥቶ በፊታችን አኖረና፣ «እግራችሁን ታጠቡ፤ ትተኛላችሁ» አለን። ፍራሹን ለእኛ ሰጥቶ እርሱ ኮሪደር ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ አደረ። እኛ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር እናጥባለን፤ የእኛ እግር በዚህ ዓይነት ፍቅር ሲታጠብ ግን የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር።

ሲነጋ ሻይና ሕምባሻ አቀረበልን። ጥቂት ገንዘብ ልንሰጠው ብንሞክር እጁን ሰበሰበ። «እኔ መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ ስመጣ እዚያው ጣቢያ 11 ሌሊት አድሬአለሁ። የጠራኝ ሰው አልነበረም። አሁን ማደሪያ ካገኘሁ ወዲህ ሲመሽ ጣቢያውን አንድ ጊዜ ዞሬ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለን።

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን ቃል ስንሰማ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 19 የተጻፈው ታሪክ በልቡናችን መጣ። አንድ ሌዋዊ ከቤተሰቡ ጋር ሲጓዝ በጊብዓ ከተማ ፀሐይ ጠለቀችበት። በአደባባይ ተቀመጠ፤ ከከተማው ተወላጆች አንድ ስንኳ ወደ ቤቱ ያስገባው አልነበረም። በመጨረሻ ከእርሻው ሲመለስ ያየው አንድ ሽማግሌ ወሰደው። መጽሐፍ ስለዚያ ሽማግሌ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ እርሱ ራሱ ከኤፍሬም ተራራማ አገር የመጣ፣ በጊብዓ በእንግድነት የተቀመጠ ነበር። የከተማው ልጆች ያላዩትን እንግዳ ያየው እንግዳው ነው። የዚያ ታሪክ ፍጻሜ እጅግ አሳዛኝ ነው፤ በሮቿን ለእንግዳ የዘጋች ከተማ ምን ዓይነት ክፋት እንደ ተወለደባትም ያሳያል። ሽማግሌው ግን በዚያች ሌሊት በልቡ የእንግድነቱን መታሰቢያ ይዞ የተገኘ ብቸኛ ሰው ነበር። እግዚአብሔርም ሕዝበ እስራኤልን መጻተኛን እንዲወድዱ ባዘዘ ጊዜ የሰጣቸው ምክንያት ይህ ነው፤ እነርሱ ራሳቸው በግብፅ ምድር መጻተኞች ነበሩ (ዘዳ. 10፡19)። የደጁን ብርድ የረሳ ሰው የደጁን ደወል አይሰማም።

በዚያው ሳምንት እሑድ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በተሠዋው መሥዋዕተ ቅዳሴ የተነበበው ወንጌል የባለጠጋውና የአልዓዛር ታሪክ ነበር (ሉቃ. 16፡19-31)። ካቴኪስታችን ወደ እኛ ጠጋ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «አባ፣ አልዓዛር እኮ ከበሩ ውጭ ነው ያለው። እኛ ከየትኛው ወገን ነን?» አሉን። መልስ አልሰጠናቸውም። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት አንድ ሌላ ሌሊት ትዝ ብሎን ነበር።

ከጉዞአችን ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዝናብ በሚጥልበት አንድ ምሽት የቁምስናችን ዘበኛ መጥቶ፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት ጥቅልል ይዛ በር ላይ መቆሟን ነገረን። አውቶቡሱ ዘግይቶባት፣ የምታውቀው ሰው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን በመስቀሉ አይታ ነው የመጣችው። እኛ ደክመን ነበር፤ ደግሞም ሰው ምን ይለናል ብለን ፈራን። «ነገ በጧት ትምጣ» አልነው። በዚያች ሌሊት የትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን ባዶ ነበር። በጧት ተነሥተን ብንጠይቅ ልጅቱ አልነበረችም። ወዴት እንደ ሄደች፣ ማን እንዳገኛት እስከ ዛሬ አናውቅም። ኃጢአታችንን በምስጢረ ንስሐ ተናዝዘናል፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ታላቅ ነው። ነገር ግን ይህን የምንጽፍላችሁ እኛ የዘጋነውን በር እናንተ እንድትከፍቱት ብለን ነው። አልጋ በሌለው በዚያ ወጣት ፍራሽ ላይ የተኛነው እኛ፣ ባዶ ክፍል ይዘን «ነገ ትምጣ» ያልነው እኛ ነን።

በእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ያ ሕንፃ በፖሊስ እንዲለቀቅ መደረጉን በዜና ሰማን። ነዋሪዎቹ ለጥቂት ቀናት በአጠገቡ ባለው የነጻነት አደባባይ ላይ አደሩ፤ ነሐሴ 24 ቀን ደግሞ ከዚያም በውሃ መርጫ ተበተኑ። ወደ ወጣቱ ስልክ ደወልን፤ አልተነሣም። እኛን ያሳደረን ሰው በዚያች ሌሊት የት እንዳደረ አናውቅም። በጸሎታችን ግን ስሙን አልተውነውም።

ሮማ በሮቿን ዘግታ ብቻ የኖረች ከተማ እንዳይደለች ደግሞ መናገር ይገባናል። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ከኢየሩሳሌምና ከኢትዮጵያ ተነሥተው በብዙ ድካም ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር ለሚደርሱ መነኮሳት አባቶቻችን ከባዚሊካው ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከነማደሪያዋ ተሰጠቻቸው። ስለዚህም እስከ ዛሬ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» እየተባለች ትጠራለች። በዚያች ቤት ካደሩት እንግዶች ምን ፍሬ ተገኘ? ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በሮማ የሐበሻ መነኮሳት ሲዘምሩ ሰምቶ ቋንቋቸውን ለመማር ተነሣሣ፤ በእ.ኤ.አ. 1513 የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በሮማ ታተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። ከዚያም አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በዚያው ከተማ አሳተሙ። ለመሸባቸው መንገደኞች የተከፈተ አንድ በር ለሕዝባችን የታተመ ቅዱስ መጽሐፍ አስገኘ። እንግዳን የሚቀበል ሰው ምን እንደሚቀበል አስቀድሞ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ጌታችን እንመለስ። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ልደቱ ሲጽፍ እናቱ በግርግም ያስተኛችው በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው መሆኑን ይነግረናል (ሉቃ. 2፡7)። ወደ ዓለም ሲመጣ ስፍራ ያልተያዘለት እርሱ፣ ከመከራው በፊት በነበረችው ሌሊት ግን ለደቀ መዛሙርቱ ስፍራ ሊያዘጋጅላቸው እንደሚሄድ ነገራቸው (ዮሐ. 14፡2)። እነዚህን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አኑረን እናስተንትናቸው። ስፍራ የከለከልነው እርሱ ስፍራ ያዘጋጅልናል። እኛ ሁላችን በሞት ሌሊት ወደማናውቀው ከተማ የምንደርስ መንገደኞች ነን። በዚያች ሌሊት በገንዘባችን የያዝነው ማደሪያ የለንም፤ ያለን ተስፋ ከፊታችን የሄደው ጌታ ያዘጋጀው ስፍራ ነው። በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀንም እንግዳ ሆኖ በመጣ ጊዜ ተቀብለነው እንደ ሆነ ነው (ማቴ. 25፡35)።

ከዚህ የምንማረው ለእንግዳ ስፍራ የሚዘጋጀው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ነው። በር ሲንኳኳ ማሰብ የሚጀምር ሰው እኛ እንዳደረግነው «ነገ ትምጣ» ይላል። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በሥርዐተ ገዳሙ ምዕራፍ 66 የበር ጠባቂው አስተዋይ ሽማግሌ እንዲሆንና ክፍሉም ከበሩ አጠገብ እንዲሆን ያዘዘው፣ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ የሚመልስለት እንዲያገኝ ነው። በምዕራፍ 53 ደግሞ የሚመጡ እንግዶች ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲቀበሉ ያስተምራል። ቅዱሱ ፍቅርን አዘዘ፤ ፍቅርም እንዳይሳነፍ የደወሉንና የክፍሉን ቦታ አብሮ አሰበ።

እኛም በየቁምስናችን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ደወል ሰው በሚተኛበት ክፍል የሚሰማ ይሁን፤ ዘበኛውም ያለ እኛ ትእዛዝ ሰውን ከዝናብ የሚያስገባበት ፈቃድ አስቀድሞ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ቁምስናና ጸሎት ቤት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጀሪካን ውሃ ለመሸበት እንግዳ ይቀመጥ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ ጥንቃቄም ምግባረ ሠናይ ነውና እንግዳ የሚቀበሉ ሁለት ሁለት ሰዎች በተራ ይመደቡ። ሴቶችና ልጆች በደናግል ቤት ወይም በታመነ ቤተሰብ ዘንድ ይደሩ። መታወቂያ መጠየቅ ይገባል፤ ነገር ግን ውሃውና እንጀራው ከጥያቄው ይቅደም። አራተኛ፣ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ወጣቶቻችን ወደ ከተማም ሆነ ወደ ባዕድ አገር ሲነሡ ሳያስነግሩ፣ የሚቀበላቸውን ሰው ስልክ ሳይዙ እንዳይሄዱ ምከሩአቸው። እኛ ዝምታን እንደ እሺታ ቆጥረን ያገኘን ለእነርሱ መማሪያ ይሁን። ከገጠር የመጣች ልጅ በምሽት መናኸሪያ ስትወርድ ደላላው ቆሞ ይጠብቃታል። ደላላው ለሥራው ሌሊት የሚተጋ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ለምን ቀድማው አትገኝም?

ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት በመንገድ ያገኙትን እንግዳ ቀኑ መሽቷልና ከእነርሱ ጋር እንዲያድር ግድ አሉት። ማን እንደ ሆነ አላወቁም ነበር። ያወቁት ካስገቡት በኋላ እንጀራውን በቆረሰ ጊዜ ነው (ሉቃ. 24፡28-31)። ሳያስገቡት አሰናብተውት ቢሆን ኖሮ በዚያች ሌሊት ጌታን አያውቁትም ነበር።

ጸሎት

መንገደኛ ሆነህ በመካከላችን የተመላለስክ ጌታ ሆይ፣ በዚህች ሌሊት በየጣቢያው፣ በየመናኸሪያውና በየአደባባዩ የመሸባቸውን ሁሉ አስብ። እኛን ያሳደረንን ያንን ወጣት ባለበት ስፍራ ጠብቀው። ከደጃችን የመለስናትን ያችን ልጅ እኛ ባልደረስንበት አንተ ድረስላት። ለእኛም የደወሉን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ፣ ከአልጋ የሚያስነሣ ፍቅር ስጠን። በመጨረሻዪቱ ሌሊት ከደጅህ ቆመን ስናንኳኳ በምሕረትህ «ግቡ» በለን። አሜን።